ሸለቆው ቀድሞ፣ ባሕሩ ኋላ

(የጂኦግራፊ ትምህርት ስለ ባሕረ ሰላጤ አፈጣጠርና አስተማማር)



በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ «ባሕረ ሰላጤ ማለት ምን ማለት ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ ከክፍሉ ግማሹ እጁን ያወጣል። መልሱም አንድ ዓይነት ነው፤ «ወደ የብስ ገባ ያለ የባሕር ክፍል ነው» ይባላል። ቃሉ ትክክል ነው፤ በፈተናም ነጥብ ያሰጣል። ዳሩ ግን «ባሕሩ ለምን እዚያ ቦታ ላይ ገባ? ለምን ከዚያ ወዲህ ወይም ወዲያ አልገባም?» ብላችሁ ጥያቄውን ብትቀጥሉ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ምናልባት አንድ ደፈር ያለ ተማሪ «ባሕሩ መሬቱን ቆፍሮት ነው» ይላል። ይህ መልስ የተለመደ ነው፤ ግን ስሕተት ነው።

በልጆቹ አይፈረድም። ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ ከሁለት ሺህ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት። ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ1993 ነጻ አገር ከሆነች ወዲህ ደግሞ አገራችን የባሕር ጠረፍ የላትም። ስለዚህ አብዛኛው ተማሪ፣ እውነቱን ለመናገር ብዙው መምህርም፣ ባሕርን የሚያውቀው በካርታ ላይ ባለ ሰማያዊ ቀለም ነው። ታዲያ ምን ይደረግ? ቃሉን አሸምድዶ ማለፍ ነው?

አይደለም። ይህ ጽሑፍ ሊያስረዳ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው። ባሕረ ሰላጤ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ ሸለቆ ወይም ጎድጓዳ መሬት ነበር፤ ባሕር የሆነው ኋላ ነው። ሸለቆን ደግሞ የአርሲ ልጅ ከእግሩ ሥር ያውቀዋል። የማያውቀውን በሚያውቀው ማስተማር የመምህር ሙያ ነው፤ ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ እንዲሉ።

ሀ. በመጀመሪያ ስሞቹን እንለይ

ባሕረ ሰላጤ በሦስት በኩል በየብስ የተከበበ፣ በአንድ በኩል ለባሕር ክፍት የሆነ ውኃ ነው። የኤደን ባሕረ ሰላጤ ትልቅ ነው፤ አንድ የዓሣ አጥማጆች መንደር የተጠጋችበት ጠባብ የውኃ ክንድም በመጠን ያንሳል እንጂ በዓይነቱ ያው ነው። በዚህ ጽሑፍ ትንሹንና ጠባቡን «የባሕር ክንድ» እንለዋለን።

የባሕር ወሽመጥ ግን ሌላ ነው። ወሽመጥ ሁለት ባሕሮችን የሚያገናኝ ጠባብ መተላለፊያ ነው፤ ባብ ኤል መንደብ ቀይ ባሕርን ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ጋር እንደሚያገናኘው ማለት ነው። ባሕረ ሰላጤ እንደ ጓዳ ነው፤ በገቡበት ይወጣሉ። ወሽመጥ እንደ መተላለፊያ ነው፤ በአንዱ በር ገብተው በሌላው ይወጣሉ።

ባሕረ ገብ መሬት የባሕረ ሰላጤ ተቃራኒ ነው። በሦስት በኩል ውኃ የከበበው መሬት ማለት ነው። ሁለቱ ብዙ ጊዜ ጎን ለጎን ይገኛሉ፤ ሸለቆ ባለበት ግራና ቀኝ ተረተር እንደማይጠፋ ሁሉ።

ለ. ባሕሩ እንዴት ገባ?

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ከዛሬ 20,000 ዓመት ገደማ በፊት ምድራችን በጣም ቀዝቅዛ ነበር። እጅግ ብዙ ውኃ በሰሜን አሜሪካ፣ በሰሜን አውሮፓና በሌሎችም ስፍራዎች በየብስ ላይ ግግር በረዶ ሆኖ ተከምሮ ነበር። ያ ውኃ የመጣው ከባሕር ስለ ሆነ የባሕር ወለል ከዛሬው 120 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ነበር። ወንዞችም እስከዚያ ዝቅተኛ ዳር ድረስ እየወረዱ ሸለቆአቸውን ቆፈሩ።

በኋላ ምድር ስትሞቅ በረዶው ቀለጠ፤ ባሕሩም በብዙ ሺህ ዓመታት ውስጥ ቀስ በቀስ ከፍ አለ። ከ7,000 ዓመት ገደማ በፊት ወደ ዛሬው ወለል ተጠጋ። ባሕር ከፍ ሲል አስቀድሞ የሚሞላው ምንድን ነው? ዝቅተኛው ቦታ ነዋ! ሸለቆዎቹ ውኃ ሞልቷቸው የባሕር ክንድ ሆኑ። በሸለቆዎቹ መካከል የነበሩት ተረተሮች ባሕረ ገብ መሬት ሆኑ። ለብቻቸው የቆሙት ኮረብቶች ደሴት ሆኑ። አለቀ።

የባሕር ማዕበል መሬት አይቆርስም ማለት አይደለም፤ ይቆርሳል። ነገር ግን ማዕበል አጥብቆ የሚመታው ወደ ባሕሩ ወጣ ያለውን የመሬት ጫፍ ነው። የቆረሰውንም አሸዋና ጠጠር ወስዶ የሚጥለው ጸጥ ባለው በሰላጤው ውስጥ ነው። ስለዚህ ማዕበል ብዙ ጊዜ የባሕሩን ዳር ቀጥ ያደርጋል እንጂ ረጅም ክንድ አይቆፍርም። «ባሕሩ ቆፍሮት ነው» የሚለው መልስ የማይሠራው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ነገር በአገራችን ለማየት የሚሻ ወደ ግድቦቻችን ይመልከት። በዋቤ ሸበሌ ላይ በአዳባ አቅራቢያ የተሠራውና በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ሥራ የጀመረው የመልካ ዋከና ግድብ ውኃው እንዲጠራቀም ሲያደርግ፣ ውኃው ዋናውን ወንዝ ብቻ ሳይሆን የገባር ወንዞቹንም አፍ እየተከተለ ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ደግሞ የኦሞን ጥልቅ ሸለቆ ሞልቶ ረጅምና ጠባብ ሐይቅ ፈጥሯል። ባሕር ለሸለቆ በሺህ ዓመታት ያደረገውን ግድብ በጥቂት ዓመታት አደረገው ማለት ነው።

ሐ. አንዲት ደሴት፣ ሦስት ዓይነት የባሕር ክንድ

ሸለቆ ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ የባሕር ክንድም አንድ ዓይነት አይደለም። ይህን ለማሳየት የኒው ዚላንድን ደቡባዊ ደሴት እንወስዳለን። የመረጥናት ወጣ ገባ በሆነው ጠረፏ ላይ ሦስቱም ዓይነት በአንድነት ስለሚገኙ ነው። ደሴቲቱ ተራራማ ናት፤ ከፍተኛ ተራራዋ አኦራኪ ወይም ኩክ 3,724 ሜትር ነው። ጭላሎ እንኳ ይበልጠዋል። ዳሩ ግን ደሴቲቱ ከምድር ወገብ ሩቅ ስለ ሆነች በተራሮቿ ላይ ዛሬም ግግር በረዶ አለ።

1. ወንዝ የቆፈረው። በደሴቲቱ ሰሜናዊ ጫፍ ማርልቦሮ ሳውንድስ የሚባል አካባቢ አለ። ወንዞች የቆፈሩት የሸለቆ መረብ ነበር፤ መሬቱ ሲሰምጥና ባሕሩ ከፍ ሲል ውኃ ገባበት። በካርታ ላይ ሲታይ ቅርንጫፎቹ እንደ ዛፍ ናቸው፤ ገባሮቹ ሁሉ ክንድ ሆነዋል። እንዲህ ያለውን ጂኦግራፈሮች «ሪያ» ይሉታል፤ ቃሉ ከስፔን የመጣ ነው። ውኃው ከውስጥ ወደ አፉ እየጠለቀ ይሄዳል። እንግሊዛዊው መርከበኛ ጄምስ ኩክ እ.ኤ.አ. በ1770 መርከቡን አስጠግቶ የጠገነው ከእነዚህ ክንዶች በአንዱ፣ በኩዊን ሻርሎት ሳውንድ ነው። ማዕበል የማይደርስበት ጸጥ ያለ ውኃ ስለ ሆነ ነዋ።

የዚህ አምሳያ በእኛ ዘንድ የዋቤ ሸበሌና የገባሮቹ ሸለቆ ነው። ከአርሲ ደጋ ወደ ዋቤ የሚወርዱትን ወንዞች በካርታ ተከተሏቸው፤ ቅርጻቸው ያው የዛፍ ቅርንጫፍ ነው። የጎደለው ባሕሩ ብቻ ነው።

2. በረዶ የቆፈረው። በደሴቲቱ ደቡብ ምዕራብ ሚልፎርድ ሳውንድ አለ። ርዝመቱ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግራና ቀኙ እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለ ገደል ነው። በዓመት ከ6,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ስለሚጥልበት ፏፏቴው አያቋርጥም። ይህን ሸለቆ ያሰፋውና ያጠለቀው ግግር በረዶ ነው። እንዲህ ያለው የባሕር ክንድ በኖርዌይ ቋንቋ «ፊዮርድ» ይባላል።

የወንዝ ሸለቆ ታቹ ጠባብ ነው፤ ወንዝ የሚቆፍረው በታቹ መስመር ብቻ ነውና። ግግር በረዶ ግን ሸለቆውን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሞልቶ እየተንሸራተተ ሁሉንም ስለሚፍቅ ታቹን ሰፊ፣ ጎኑን ቀጥ ያለ ያደርገዋል። ደግሞም በረዶው ወፍራም በሆነበት በውስጥ በኩል አጥልቆ ይቆፍራል፤ በሚሳሳበት በአፉ በኩል ቁፋሮው ይቀንሳል፤ የገፋውንም ድንጋይ እዚያው ይጥላል። ስለዚህ የፊዮርድ ውስጡ ጥልቅ፣ አፉ ግን ጥልቀቱ ያነሰ ነው፤ በር ላይ እንዳለ ደፍ ማለት ነው። ሚልፎርድ ውስጡ 290 ሜትር ያህል ሲጠልቅ አፉ ከዚያ በእጅጉ ያንሳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ማርልቦሮም ሚልፎርድም «ሳውንድ» ይባላሉ፤ አፈጣጠራቸው ግን ለየብቻ ነው። ስም አፈጣጠርን አይናገርም፤ የሚናገረው ቅርጹ ነው።

«በረዶ እኛ አገር ከየት ይመጣል?» የሚል ይኖር ይሆናል። መጥቶ ነበር! ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የአርሲው ባዳ ተራራ በጥንት ዘመን አናቱን ግግር በረዶ ሸፍኖት እንደ ነበር ተመራማሪዎች በረዶው ትቶት ከሄደው የድንጋይ ክምር አረጋግጠዋል። በባሌ ተራሮችም እንዲሁ። በባሌ የተገኙት ድንጋዮች ዕድሜ ሲለካ በዚያ የነበረው በረዶ በጣም የተስፋፋው ከ42,000 እስከ 28,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል። እንግዲህ ለፊዮርድ የሚያስፈልገው የበረዶ ሥራ በእኛም ተራሮች ላይ ተሠርቷል፤ ነገር ግን ከባሕር በላይ በሺህ በሚቆጠር ሜትር ከፍታ ላይ ስለ ሆነ ባሕር አልደረሰበትም።

3. እሳተ ገሞራ ያዘጋጀው። በደሴቲቱ ምሥራቅ የባንክስ ባሕረ ገብ መሬት ይገኛል። ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት የፈነዱ፣ ዛሬ የጠፉ ትልልቅ እሳተ ገሞራዎች ነው። ዝናብና ወንዝ የተራሮቹን መካከል ሸርሽረው በአንድ ጎን ወደ ባሕር በር ከፈቱ፤ ባሕሩ ከፍ ሲል በበሩ ገብቶ የተራራውን እምብርት ሞላው። አካሮአና ሊትልተን የሚባሉት ሁለት ወደቦች የተፈጠሩት እንዲህ ነው። መርከብ መልሕቁን የሚጥለው በእሳተ ገሞራ ሆድ ውስጥ ነው ማለት ይቻላል።

የአሰላ ሰው ይህን ለመገመት አይቸገርም። ከበላዩ ያለው ጭላሎ ራሱ የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው። ውኃ የሞላበትን ለማየት ደግሞ በስምጥ ሸለቆው ወዳለው ወደ ሻላ ሐይቅ መውረድ ይበቃል። ሻላ የተፈጠረው እሳተ ገሞራው በመሸርሸሩ ሳይሆን ወደ ውስጥ በመደርመሱ ነው፤ በዚህ ከአካሮአ ይለያል። ጥልቀቱ 266 ሜትር ነው።

መ. አራተኛው፦ መሬት ሲሰነጠቅ

አራተኛውን ለማየት ኒው ዚላንድ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ ጎረቤታችን ጂቡቲ አለች። አብዛኛው የአገራችን ዕቃ የሚገባበትና የሚወጣበት የጂቡቲ ወደብ ያለው በታጁራ ባሕረ ሰላጤ አፍ ላይ፣ በደቡብ በኩል ነው። ሰላጤውን ወደ ምዕራብ ብንከተለው መጨረሻ ላይ በአንድ ጠባብ በር አልፎ ጉቤት አል ኸራብ ወደሚባል ጥልቅና ገደላማ የባሕር ክንድ ይገባል። በበሩ የሚያልፈው የውኃ ጅረት ኃይለኛ ነው። ከውኃው መካከል የእሳተ ገሞራ ደሴቶች ብቅ ብለዋል። ከክንዱ ጫፍ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች አልፎ፣ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ላይ የአሳል ሐይቅ ይገኛል። የባሕሩ ውኃ በመሬቱ ስንጥቅ እየሰረገ ወደዚያ ይወርዳል።

ይህን ክንድ ወንዝም በረዶም አልሠራውም። ዓረቢያና አፍሪካ እየተራራቁ ሲሄዱ መሬቱ ተሰንጥቆ ሰመጠ፤ ባሕር ገባበት። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1978 በጉቤትና በአሳል መካከል አርዱኮባ የሚባለው እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ነበር፤ ሥራው ገና እንዳላለቀ ምስክር ነው።

የእኛም ስምጥ ሸለቆ የዚሁ ዘመድ ነው። ከአርሲ ተራሮች የሚነሣው የከታር ወንዝ የሚገባበት ዝዋይ (ባቱ) ሐይቅ ያለው በዚሁ ስምጥ ውስጥ ነው። ከ10,000 ዓመት ገደማ በፊት ዝናቡ በበዛበት ዘመን ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አቢያታና ሻላ አንድ ትልቅ ሐይቅ ነበሩ። ዛሬም በዝዋይ ላይ ቱሉ ጉዶና ሌሎች ደሴቶች ይታያሉ። ኮረብታ በውኃ ሲከበብ ደሴት እንደሚሆን ለማሳየት ከአርሲ የሚቀርብ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም።

ሠ. ሰላጤ ለሰው የሚሰጠው፣ ሰውም የሚያጠፋው

የባሕር ክንድ ማዕበል ስለማይበረታበት የወደብ እናት ነው። በዛሬይቱ ኤርትራ ከምፅዋ በስተደቡብ የዙላ ባሕረ ሰላጤ አለ። በምሥራቅ በኩል የቡሪ ባሕረ ገብ መሬት ይከልለዋል። የአክሱም መንግሥት ታላቅ ወደብ አዱሊስ የነበረችው በዚህ ሰላጤ ዳር ነው። ከብዙ ዘመን በኋላ እ.ኤ.አ. በ1867 እና 1868 አፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ የመጣው በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር ዝሆኖቹን ሳይቀር ከመርከብ ያራገፈው በዚሁ ሰላጤ ነው። በመካከላቸው ከሺህ ዓመት በላይ አለ፤ ነጋዴውም ወራሪውም ግን የመረጡት ያንኑ ጸጥ ያለ ውኃ ነው። መልክዐ ምድር ታሪክን ብቻውን አይሠራም፤ በሩ የት እንደ ሆነ ግን ያሳያል።

ሰላጤ ግን ለዘላለም አይኖርም። ሸለቆ ውኃ ሲሞላው ወንዙ ደለሉን እዚያው ያራግፋል። የጥንቷ ኤፌሶን ወደብ ነበረች፤ ወንዙ ባመጣው ደለል ሰላጤዋ ስለ ሞላ ፍርስራሿ ዛሬ ከባሕር ርቆ ይገኛል። በእኛም ዘንድ ይኸው ነው። በአዋሽ ላይ እ.ኤ.አ. በ1960 የተሠራው የቆቃ ግድብ ሐይቅ በደለል ብዙ ተጎድቷል። ደለሉ ምንድን ነው? ከደጋ የታጠበ የእርሻ አፈር ነው። አርሲ የስንዴና የገብስ አገር ነው፤ በተዳፋት ላይ ያለ እርከን የታረሰ መሬት አፈሩ በየክረምቱ ይወርዳል። ስለ ባሕር ክንድ የተማረ ልጅ ወንዙ ሲደፈርስ አይቶ «ይህ አፈር የሚያርፈው የት ነው?» ብሎ ከጠየቀ ትምህርቱ ገባው ማለት ነው።

ረ. በክፍል ውስጥ፦ ባሕር በሳፋ

ለዚህ ትምህርት የሚያስፈልገው መርጃ መሣሪያ በእጃችሁ ነው፦ አንድ ሰፊ ሳፋ፣ ጭቃ፣ አንድ ጣሳ ውኃና ጥቂት የኖራ ዱቄት።

1. ተማሪዎቹ በሳፋው ግማሽ ላይ ከጭቃ ተራራማ አገር ይሥሩ። ሌላው ግማሽ ለባሕሩ ይተው።

2. አራት ቡድን ይሁኑ። አንደኛው ቡድን በቀጭን እንጨት ከነገባሮቹ የወንዝ ሸለቆ ይቆፍር። ሁለተኛው በአውራ ጣቱ ሰፊና ጥልቅ ቦይ ያውጣ፤ አፉ ላይ ግን ደፍ ያስቀር። ሦስተኛው ክብ ተራራ ሠርቶ መካከሉን ይጎርጉድና በአንድ ጎን በር ይክፈት። አራተኛው ጭቃውን በሁለት እጁ ይዞ ወዲያና ወዲህ ይሳበው፤ ቀጥ ብሎ ይሰነጠቃል።

3. ጭቃው ጠንከር እስኪል ይቆይ። ከዚያ ውኃውን በባሕሩ በኩል በቀስታ ጨምሩ። ሁለት ጣት ያህል ከፍ ባለ ቁጥር አቁሙና ውኃው የደረሰበትን ዳር በኖራ ምልክት አድርጉ።

4. ተማሪዎቹ ራሳቸው ይናገሩ፤ መምህሩ አይቅደም። «የትኛው ክንድ ሆነ? የትኛው ደሴት ሆነ? የበረዶው ቦይ ደፉን ካልተሻገረ ለምን አይሞላም?» ብላችሁ ጠይቁ።

5. በመጨረሻ ውኃውን አፍስሱ። በጭቃው ላይ የቀሩት የኖራ መስመሮች እያንዳንዳቸው እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች ያያይዛሉ። ይህም በካርታ ላይ ያለው የከፍታ መስመር፣ ማለት ኮንቱር ነው። በአንድ ሳፋ ሁለት ትምህርት!

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ሳፋው የሚያሳየው ቅርጹን እንጂ ጊዜውን አይደለም። በክፍል ውስጥ በአሥር ደቂቃ የሞላው ባሕር በእውነቱ ብዙ ሺህ ዓመት እንደ ፈጀ ለልጆቹ ሳትነግሩ ደወሉ እንዳይደወል።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. በካርታ ላይ አንድ የባሕር ክንድ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ሆኖ ብታዩ ምን ቆፈረው ትላላችሁ? ክብ ሆኖ አንድ ጠባብ በር ብቻ ቢኖረውስ?

2. የፊዮርድ ውስጡ ከአፉ ለምን ይጠልቃል?

3. በባሕረ ሰላጤና በወሽመጥ መካከል ያለውን ልዩነት ከቤት ክፍሎች ምሳሌ ወስዳችሁ አስረዱ።

4. «ማዕበል ባሕረ ሰላጤን ይቆፍራል» ለሚል ተማሪ ምን ብላችሁ ትመልሳላችሁ?

5. የምትኖሩበትን ቀበሌ ተረተርና ሸለቆ በወረቀት ላይ ንደፉ። ውኃ እስከ ተረተሩ ወገብ ቢሞላ የማን ማሳ ደሴት ይሆናል? የትኛው ወንዝ የባሕር ክንድ ይሆናል? ወደብ የምትሠሩትስ የት ላይ ነው? ምክንያቱን ጻፉ።

አምስተኛውን ጥያቄ በመስክ ልምምድ ወቅት ለተማሪዎቻችሁ ስጡ። ንድፉን የሚሠራ ልጅ ባሕር ባያይም ባሕረ ሰላጤን አውቆታል።